ድንጋይዋ ስንተኛ ላይ ናት?

ከማል መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ናት፤ በስልክ። «እትዬ አስካለ፣ አባዬ ዐረፈ» አለችኝ። ሽሮ ጥጄ ነበር፤ እንዳያርብኝ እያማሰልኩ «መቼ?» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው» አለችኝ። ያጥናሽ አልኳት፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ሽሮዬን አወረድኩ፣ በላሁ።

ሰው ሞተ ሲባል እንባ ቶሎ የሚመጣላቸው አሉ። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። ድሮ ነበርኩ ይሆናል። በደርግ ዘመን ግን የሆነ ቦታ ላይ ደነዘዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ ስለ ከማል የምነግራችሁን እንባ እየጠበቃችሁ እንዳትሰሙኝ። እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

ጅማ የሄድኩት ከአዲስ አበባ ተመድቤ ነው፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ። ኃላፊ ሲባል ብዙ ሰው የማዝ እንዳይመስላችሁ፤ በክፍሉ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ የጠመኔ ካርቶን፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ከዘመቻው የተመለሰ የድንኳን ዕቃ፣ በቃ። የተከራየሁት በቾ ቦሬ ሰፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል። አስተማሪዎቹ አይወዱኝም ነበር፤ ያለ ፊርማ አንድ እርሳስ አላወጣማ! እኔም ብዙ አልወዳቸውም።

ከማል ፊዚክስ ያስተምር ነበር። የመርካቶ ልጅ ነው፣ የጅማው መርካቶ፤ አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ አገጩን በአውራ ጣቱ የሚያሽ ሰው። አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛው ሳይጠራ ይገባል፤ ሲለምን «ማሎ» ይላል፣ ሲምል «ወላሂ»። ዕድሜዬ ከሱ ትንሽ ከፍ ስለሚል «እርስዎ» ነው የሚለኝ። ትምህርት የተጀመረ ሰሞን፣ መስከረም ላይ፣ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ ስልሳ ካስማ ፈልጌ ነበር።»

«የድንኳን ካስማ? ምን ልታደርግበት?»

«ለአንዲት ድንጋይ ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«በማርስና በጁፒተር መሃል የምትዞር። አስትሮይድ ናት። ፓላስ ትባላለች።»

«ሂድ ወዲያ! ሥራ አለኝ፣ አታላግጥብኝ።»

«ወላሂ አላላገጥኩም። ማሎ፣ እትዬ አስካለ። እፈርማለሁ።»

እፈርማለሁ ስላለ ሰጠሁት። ስልሳ ካስማ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ በስሙ ወጪ አደረግኩ። በማግስቱ ከመስኮቴ ትይዩ ባለው ሜዳ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሲቆፍር አየሁት። ሁለት ብረት አራርቆ ተከለ። ገመዱን ቋጥሮ በሁለቱ ላይ አጠለቀና በሦስተኛ እንጨት ወጠር አድርጎ እየዞረ መሬቱን ጫረ። የወጣው መስመር ክብ አልነበረም፤ ሞላላ ነገር ነው። በአንደኛው ብረት ላይ ቢጫ የተቀባ ቆርቆሮ ሰቀለ፤ ፀሐይ ናት አለ። ሁለተኛው ላይ ምንም አላደረገም።

ለወጉ ያህል ወጥቼ «ይሄኛውስ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱ ባዶ ነው። ምንም የለበትም። ግን እሱን ከነቀልነው መንገዷ አይሰመርም።»

ከዚያ በመስመሩ ላይ ካስማዎቼን ተከላቸው። ደግሞ እኩል አላራራቃቸውም። በፀሐይዋ በኩል ሰፋ ሰፋ፣ ማዶ በኩል ጠበብ ጠበብ አድርጎ ነው። ቸኩሎ ያበላሸው መስሎኝ ተናገርኩት። «አይ፣ ተሰልቷል» አለኝ። ለካ ድንጋይዋ ፀሐይ ጋ ስትቀርብ ትሮጣለች፣ ስትርቅ ታዘግማለች። በየካስማው አናት ላይ በነጭ ዘይት ቀለም ቁጥርና የወር ስም ጻፈ። የቲማቲም ቆርቆሮ ቀይ ቀባና መጀመሪያው ካስማ ላይ ደፋው። ቀዩ ቆርቆሮ ፓላስ ናት። ወር በገባ ቁጥር አንድ ካስማ ወደፊት ትሄዳለች። ዞራ ስትጨርስ፣ ሰማይ ላይ ያለችውም አንድ ዙር ጨረሰች ማለት ነው።

«መቼ ነው የምትጨርሰው?» አልኩት።

«ከአራት ዓመት ከሰባት ወር ተኩል በኋላ፣ ኢንሻአላህ።»

«ካስማዬን አራት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ልታስቀምጠው ነው?!»

«ከሰባት ወር ተኩል» አለኝ አገጩን እያሸ።

እንዲህ ነበር። በዚያ ሰሞን ወሬ የማይነዛበት ቦታ አልነበረም፤ እገሌ ተያዘ፣ እገሌ ጠፋ፣ የእገሌ አስከሬን እዚህ ወድቆ ተገኘ። ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ከማል «ተሰልቷል?» ነው የሚለው። አየህ ወይ፣ አረጋገጥክ ወይ ማለቱ ነው። በስብሰባ ላይ ካድሬው ምርት በእጥፍ አደገ ሲል እንኳ አጠገቤ ሆኖ «ተሰልቷል?» ብሎ አንሾካሾከ። ጭኑን ቆነጠጥኩት።

ሻይ ሰዓት ላይ እኔ ክፍል ይመጣና ስለ ድንጋይዋ ያወራኛል። አልጠየቅኩትም። ወርዷ ስንት እንደሆነ ሲነግረኝ «ከጅማ ይነሱ፣ ሰኮሩን ይለፉ፣ አዲስ አበባን ይለፉ፣ ደብረ ብርሃን ገደማ ሲደርሱ እሷ አለቀች» አለኝ። አንዴ በራሷ ዙሪያ የምትሽከረከረው ስምንት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው፤ «እኛ ቢሮ ገብተን እስክንወጣ ለሷ ቀንም ሌሊትም ሆኖ አልቋል» ይላል። ሌሎቹ እንደ ትሪ ባለ አንድ ሜዳ ላይ ሲዞሩ እሷ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ያህል አዘንብላ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። ለምን ስለው «በደንብ አልታወቀም» አለኝ። ከሌሎቹ ተለይታ መዞሯን በኋላ ፖለቲካ ያደረጉት ሰዎች ነበሩ። ውሸት ነው። እኔ የማውቀው ከማል ስለ ድንጋይ ሲያወራ ስለ ድንጋይ ነው የሚያወራው።

በውይይት ክበብ አንድ ቀን ካድሬው ተነስቶ ጠየቀው። «ጓድ ከማል፣ ይህች ድንጋይ ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?»

ከማል ቆሞ አሰበ። ካሰበ በኋላ መዋሸት አይችልም። «ምንም» አለ። «አትጠቅምም፣ አትጎዳም። ትዞራለች።»

እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

ግንቦት ላይ መጡ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ክፍል ገብተው አወጡት። ምን አድርጎ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ያኔ ምን አደረገ አይባልም፤ ማን ጠቆመው ነው የሚባለው፤ እሱንም አላወቅኩም። በክፍሌ በር በኩል ሲያሳልፉት ቆም አለ።

«እትዬ አስካለ፣ ወር ሲገባ አንድ ወደፊት። ማሎ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ አንዱ ባለ ጠመንጃ።

«በስሙ የወጣ የመንግሥት ንብረት ነው» አልኩ። የመንግሥት ንብረት ሲባል ይከበራል፤ አልፎ ሄደ። ከማል ወደኋላ አላየም። ደወል ተደወለ። እኔም ምሳዬን በላሁ።

ሰኔ አንድ ቀን ሰው እንዳያየኝ በማለዳ ሄጄ ቀዩን ቆርቆሮ ከዘጠኝ ላይ አንስቼ አሥር ላይ ደፋሁት። እጄ ላይ ጤዛ ነካኝ። የሠራሁት ነገር ያሳፍር ነበር፤ ትልቅ ሴት ቆርቆሮ ይዛ ሜዳ ላይ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ምክትል ዳይሬክተሩ መጣና የምርት ዘመቻ ነው፣ ሜዳው ሊቆፈር ነው፣ ጎመንና ድንች ይተከልበታል፣ ካስማዎቹ ይነቀሉ አለኝ። ከዘበኛው ጋር ሆነን ነቀልናቸው። ስልሳ። ቆጠርኩ፣ በጆንያ አሰርኩ፣ ክፍሌ ጥግ አስቀመጥኩ። ተከራክሬ ነበር ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልተከራከርኩም።

የከማልን እናት ያወቅኳቸው ጥቅምት ላይ ነው። እማማ ዘይነባ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ ከማል አንድ ልጃቸው ነው። ከግንቦት ጀምሮ ወህኒ ቤቱ በር ድረስ ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመዋል፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ አለ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከሁሉ የሚያስፈራው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የሚለው ቃል ነበር። እሱን የተባለች እናት ሌላ አትጠይቅም፤ ሳህኗን ይዛ ትመለሳለች። እሳቸው ግን በጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ በሽቦ አጥር ማዶ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያዩት ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደኔ መጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አስካለ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ከማል ልኮኝ ነው። ድንጋይዋ ስንተኛ ላይ ናት ብለሽ ጠይቂያት አለኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ምንም። ከስቷል፣ ግን አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ጤንነትህ እንዴት ነው እለዋለሁ፣ ድንጋይዋ ይለኛል። ያ ረቢ! ልጄን ነካ አድርገውብኝ ይሆን?»

በመስኮቱ አየሁ። ድንቹ አብቧል። የድንጋይዋ ነገር ምን እንደሆነ፣ ሜዳውም ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የጠመኔ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።

«ተነቅሏል ብለን እንንገረው?» አልኳቸው።

«አይሆንም!» አሉ፤ እጄን ያዙ። «አይሆንም፣ ማሎ። ፊቱ ሞቶ ነበር፤ እሷን ሲጠይቅ ብቻ ነው ሕይወት የገባበት። ይቺን ከነጠቅነው በምን ይውላል? ቁጥር ስጪኝ። ዝም ብለሽ ቁጥር ስጪኝ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሰኔ አሥር፣ ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ መስከረም አሥራ ሦስት፣ ጥቅምት አሥራ አራት። «አሥራ አራት ላይ ናት ይበሉት» አልኳቸው። «አሥራ አራት፣ አሥራ አራት» እያሉ ወጡ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጡ። ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሴም በየወሩ አንድ ይጨምራል። ጥበቃው ምን እንደሚያወሩ ሲጠይቃቸው እኔ ያስተማርኳቸውን ይላሉ፤ በስሙ የወጣ ንብረት ነው። የሁለታችን ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከማል ሜዳው መቆፈሩን እንዳያውቅ። ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ትቼ ነበር። ከኛው አስተማሪዎች አንዱ በየካቲት ሲያዝ፣ ሁለት ሕፃናት ያሉት ሰው ነው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? «አሁን ገብቶ ይነግረዋል» የሚል። ለሰውየው አላዘንኩም። እንደዚያ ሆኜ ነበር።

እማማ ዘይነባ በዝናብ ፕላስቲክ ተከናንበው ከመርካቶ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ሻይ አስመጣላቸዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ አናወራም ነበር፤ ቁጥሩን ይዘው ይሄዳሉ። እየቆየ ግን ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ።

«ይቺ ድንጋይ ውሃ አላት?»

«የላትም።»

«ሰው?»

«የለባትም፣ እማማ። አየርም የላትም።»

«ኧረ ምን ትሠራለች ታዲያ ብቻዋን?»

«ትዞራለች።»

አንድ ቀን ከማል የነገረኝን ነገርኳቸው፤ ስልሳ ኪሎ ቡና እዚያ ወስደው ቢመዝኑት ኪሎ ከምናምን ነው የሚሆነው። የመርካቶን ተሸካሚዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። «ውይ! ተሸካሚዎቹ እነ አባ መጫ ይስሙልኝ!» አሉ። በተዋወቅንበት ዘመን ሁሉ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

እንዲህ እያልን ከማል ከተያዘ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው።

ጥር ላይ ከማልን ለቀቁት። ለምን እንደያዙት እንዳልተነገረው ሁሉ ለምን እንደለቀቁትም አልተነገረውም። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት መጣ። በሩ ላይ ሲቆም ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸብቷል። ብድግ ብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ፤ ሜዳውን እንዳያይ። በዚያን ጊዜ ሜዳው ላይ ጎመን ነው።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ከማል።»

«እንኳን ደህና ቆዩኝ። ተዉት እትዬ አስካለ፣ አይከልሉት። አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ካስማዎቹ መነቀላቸውን።»

ተቀመጥኩ። «ማን ነገረህ? ያ የካቲት ላይ የገባው ነው አይደል?»

«እሱን አላገኘሁትም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«እኔ? እኔ መቼ ወጣኝ!»

«መጀመሪያ ቀን። ጥቅምት ላይ አሥራ አራት ብለው ላኩብኝ። ለጥቅምት የተከልኩት ካስማ አሥራ አምስት ቁጥር ነው።» አገጩን አሸ። «ለጳጉሜም ካስማ ነበራት፣ እትዬ አስካለ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ጳጉሜ ተብሎ ተጽፎበታል። ድንጋይዋ ጳጉሜን አታርፍም። ቆርቆሮውን ሜዳ ላይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ጽሑፉን ያየዋል፣ አይዘለውም። በጣት የሚቆጥር ግን ይዘለዋል። የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜን መቼ ይቆጥራል? ስለዚህ ካስማ የለም፣ ሜዳውም የለም አልኩ። በዚህ ወር እርስዎ አርባ አንድ ብለዋል፤ እሷ አርባ አራት ላይ ናት።»

ካስማዎቹ እዚያው ክፍል፣ ጥግ፣ ጆንያ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ፈትቼ ባያቸው ኖሮ ጳጉሜ የሚለውን አገኘው ነበር። አልፈታሁትም።

ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ ስሜት ቁጣ ሆነ። «እኮ እያወቅክ!» አልኩት፤ ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። «እያወቅክ ነው እናትህን በዚያ ጭቃ ከመርካቶ እዚህ በየወሩ የምታስመላልሳቸው? ላንተ ብለን ነው የዋሸነው እኮ! እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት! የሌለ ካስማ ለምን ትጠይቃለህ?»

እንደ ልማዱ አሰበ።

«መጠየቄን ካቆምኩ» አለ፣ «ሞቷል ትላላችኋ።»

የንብረት ክፍል ሰው ነኝና ጆንያውን ጎትቼ አመጣሁለት። «ስልሳ ናቸው። ቁጠርና ፈርም» አልኩት። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣ ፈረመ።

ወደ ማስተማር የተመለሰው ከዓመት በኋላ ሰኮሩ ነው፤ እዚያው አገባ፣ ልጁንም ወለደ። እማማ ዘይነባ ልጅቷን አቅፈው አይተዋት ነው የሞቱት። እኔ ጡረታ ስወጣ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከማል ግን ጥያቄውን አልተወም። ሰኮሩ ሳለ ወደ ጅማ በሚመጣ ሰው ይልክብኛል፤ ስልክ ሲገባልን ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት፣ ይደውላል። እንዴት አደሩ የለም። «ድንጋይዋ ስንተኛ ላይ ናት?» ነው። እኔም ቁጥሩን እነግረዋለሁ፤ ጳጉሜን ቆጥሬ። «ትክክል» ይልና ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል። ስንት ዙር እንደዞረች እኔና እሱ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ልጁ ደውላ ሞተ ስትለኝ ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። ጎረቤቶቼ ለለቅሶ መጡልኝ፣ ሻይ አፈላሁላቸው፣ ሄዱ። አንዷ ምነው አታለቅሽም አለችኝ።

ትናንት ወር ገባ። በማለዳ ተነስቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን አስቤ ይዤ ነበር። እስከ ምሳ ጠበቅኩ፣ ከምሳም በኋላ ጠበቅኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እውነት ነው ማለት ነው። ከማል ሞቷል።